የፍስክ ወይን ጠጅ

ወይን ጠጅ እንደ ሰው ጠባይ አለው። አንዳንዱ ከመጣ ከሄደው ጋር ወዲያው ይግባባል፤ ገና ከመጀመሪያው ጉንጭ ጣፋጭነቱን አውጆ ይጨርሳል። ሌላው ግን ኮስታራ ነው። ፉት ሲሉት ምላስን ጨምድዶ ይይዛል፣ ድድን ያደርቃል፣ «ማዕዱ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለ ኮስታራው ነው። ስሙ ባሮሎ፣ አገሩ ኢጣሊያ ነው።

ስለ ባሮሎ ከሚጻፈው አብዛኛው ስለ ዋጋው፣ ስለ ምርት ዘመኑና ቀማሾች ስለሚሰጡት ነጥብ ነው። «የወይኖች ንጉሥ፣ የነገሥታት ወይን» የሚል ማዕረግም ከወጣለት ቆይቷል። እኔ በዚህ ማዕረግ አልስማማም። ማዕረጉ ወይኑን ከማዕድ አንሥቶ ዙፋን ላይ ያስቀምጠዋልና። ዙፋን ላይ የወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚበላው። ባሮሎ ያለ ምግብ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሹ ያለው በድስቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መጠጥ ደግሞ ቋንቋችን ከንጉሥነት የተሻለ ስም ይሰጠናል፤ የፍስክ ወይን ጠጅ ልንለው እንችላለን።

አስቀድሞ አገሩን እንወቅ። በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ፣ ከአልባ ከተማ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ ኮረብታዎች አሉ፤ አካባቢው ላንጌ ይባላል። ባሮሎ ራሷ ሺህ ነዋሪ የማይሞላባት መንደር ስትሆን ወይን ጠጁ ግን እርሷን ጨምሮ በ11 መንደሮች ክልል ይመረታል። የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዘር ብቻ ነው፤ ሌላ ዘር አይቀላቀልበትም። ብዙዎች ይህን ስም «ኔቢያ» ከሚለው የኢጣሊያንኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ጉም ማለት ነው። ለቀማው በሚደርስበት በጥቅምት ወር ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ኮረብታዎቹን ይከባልና ስሙ አላነሰበትም። ኔቢዮሎ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያቆጠቁጥ፣ ከሌሎቹ ዘግይቶ የሚበስል አስቸጋሪ ተክል ነው። በፀደይ ውርጭ፣ በመኸር ዝናብ ይፈራለታል። ገበሬው በሁለቱም ጫፍ ሲጨነቅ ዓመቱን ይጨርሳል ማለት ነው።

ባሮሎን ለመጀመሪያ ጊዜ በብርጭቆ የሚያይ ሰው ሳይታለል አይቀርም። «ኃይለኛ ቀይ ወይን» ሲባል ጥቁር ለመሆን የሚቃጣው፣ ብርሃን የማያሳልፍ መጠጥ ይጠብቃል። ባሮሎ ግን ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ በብርጭቆው ማዶ ያለውን ጣት ያሳያል። ሲያረጅ ደግሞ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ሽታውን የሚገልጹ ሰዎች ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጣምረው ይጠራሉ፤ ጽጌረዳንና ሬንጅን። አበባና የመንገድ ሬንጅ በአንድ ጽዋ ውስጥ! ኃይሉ የሚታወቀው አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። የአልኮል መጠኑ በደንቡ መሠረት ከመቶ 13 በታች መሆን አይችልም፤ ብዙውን ጊዜም ከዚያ ያልፋል። ከአልኮሉ በላይ ግን ባሮሎን ባሮሎ የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ነገር ነው።

ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ፣ ከበርሜሉ እንጨትም በመጠኑ የሚጨመር ንጥረ ነገር ነው። ጥሬ ሙዝ የነከሰ፣ ወይም በምድጃ ላይ ተረስቶ የጠቆረ ሻይ የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ምራቃችን አፋችንን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉት። ታኒን እነዚህን ፕሮቲኖች አግኝቶ ይጣበቅባቸዋል፤ ልስላሴው ይጠፋል፣ ምላስና ላንቃ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። ድርቀቱ እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው። አሁን በአፍ ውስጥ አንድ ቁራሽ የሰባ ሥጋ እንጨምር። ታኒኑ የሚጣበቅበት ሌላ ፕሮቲን አገኘ፤ ቅባቱም አፍን ሸፈነ፤ ጨው ደግሞ መራራነቱን አደበዘዘ። ያ ቁጡ ወይን በአንድ ጊዜ ልዝብ ይሆናል። ውለታው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የወይኑ ኮምጣጣነት ቅባቱን ከአፍ ጠርጎ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ጉርሻ እንዲጣፍጥ ያደርጋል። ምግቡ ወይኑን ያባብላል፤ ወይኑም ምግቡን ያድሳል።

የአገሬው ሰዎች ኬሚስትሪውን ሳይማሩ ይህን ያውቁት ነበር። ባሮሎ ከሚቀርብላቸው ምግቦች ግንባር ቀደሙ «ብራዛቶ» ነው። ከበሬው ትከሻ የተቆረጠ ጅማታም ሥጋ በሽንኩርት፣ በካሮትና በቅመማ ቅጠል ታጅቦ በራሱ በባሮሎ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም በለስላሳ እሳት ለሰዓታት ይንተከተካል። ለጥብስ የማይሆነው፣ ለጥርስ የሚከብደው ሥጋ ነው የሚመረጠው። ጅማቱ በዝግታ ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፤ ያ ወፍራም መረቅ ነው ታኒኑን የሚቀበለው። የሰነፍ ድስት ብራዛቶ አይሠራም፤ የችኩል ሰውም ባሮሎ አይጠምቅም።

ሁለተኛው «አኞሎቲ ዴል ፕሊን» ነው። «ፕሊን» በፒየሞንቴ ቋንቋ መቆንጠጥ ማለት ነው፤ ሊጡ ሥጋ ተሞልቶ በጣት እየተቆነጠጠ ስለሚዘጋ ይህን ስም አገኘ። ሙሌቱ በተለምዶ ከትናንቱ ጥብስ የተረፈው ሥጋ ነው። ሦስተኛው «ታያሪን» የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 30 እና ከዚያ በላይ የእንቁላል አስኳል የሚጨምሩበት ቤቶች አሉ። ቅቤ ይፈስበታል፤ በመኸር ደግሞ የአልባ ነጭ ታርቱፎ እንደ ቅጠል እየሳሳ ይከተፍበታል። ታርቱፎ ከዛፍ ሥር፣ ከአፈር በታች የሚበቅል፣ ውሻ አሽትቶ የሚያገኘው የእንጉዳይ ዘመድ ነው፤ ኪሎው በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ይሸጣል። ለዚህ ምግብ ግን ያረጀ ባሮሎ ነው የሚመረጠው፤ ጎረምሳው ባሮሎ ስሱን ሽታ ይጮህበታልና። አራተኛው ከኩኔዎ ተራሮች የሚመጣው ካስቴልማኞ የሚባለው አይብ ነው። ሲቆረስ የሚፈረፈር፣ ሲቆይ የሚበረታ አይብ ሲሆን ከባሮሎ ጋር እኩል ለእኩል የሚነጋገር ነው።

የማይስማማውንም እንናገር። ዓሣ አይሆነውም። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከዓሣው ስብ ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ ደስ የማይል፣ ዝገት ዝገት የሚል ጣዕም ይተዋል። ጣፋጭም አይሆነውም፤ ከኬክ በኋላ የተቀመሰ ባሮሎ ከራሱ ይልቅ መራራና ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል። ኮምጣጤ የበዛበት ሰላጣም እንዲሁ።

አንባቢዬ ከዚህ ላይ «የእኛስ ምግብ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ዶሮ ወጥና ባሮሎ ቢጣሉ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። የበርበሬው እሳትና የአልኮሉ ሙቀት ይደጋገፋሉ፤ ታኒኑ ደግሞ በተለበለበ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። በቅቤ የታሸ አልጫ ምንቸት፣ ስብ ያለው የበግ ጥብስ፣ ቅልጥም ያለበት ቅቅል ግን ሳያሳፍሩት ይቀበሉታል። ስለ ክትፎ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ላንጌዎችም ጥሬ ሥጋ ይበላሉ! «ካርኔ ክሩዳ» ይሉታል፤ የጥጃ ሥጋ በቢላ ደቅቆ በዘይት፣ በጨውና በሎሚ ይታሻል። እነርሱ ለዚህ ለስላሳ ምግብ ብዙውን ጊዜ ከባሮሎ ይልቅ ቀለል ያሉትን የአካባቢያቸውን ወይኖች፣ ዶልቼቶን ወይም ባርቤራን ያስቀድማሉ። የእኛ ክትፎ ግን ቅቤ አለው፤ ሚጥሚጣው ከቀነሰለት ከኔቢዮሎ ጋር ለመቀመጥ ከእነርሱ ጥሬ ሥጋ የተሻለ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ። ጌሾን የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን ምሬት ሁሉ ጉድለት አለመሆኑን የሚያስረዳን ሌላ ሰው አያስፈልገንም።

እስካሁን የተናገርሁት የምግብ ዝርዝር ብቻ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁት ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። እነዚያን ምግቦች ያወጣው ማዕድ የማን ነበር?

በአንድ በኩል የቤተ መንግሥት ታሪክ አለ። በፈረንሳይ ተወልዳ የባሮሎው ባላባት የማርኬዝ ፋሌቲ ሚስት የሆነችው ጁሊያ ኮልበርት እ.ኤ.አ. በ1864 እስከ ሞተችበት ድረስ ስሟ ከዚህ ወይን ጋር የተሳሰረ ነው። በቱሪን የሴት እስረኞችን አያያዝ ለማሻሻል የደከመች ሴት ነበረች። ሥነ ጽሑፍ ወዳዶችን ደስ የሚያሰኘው ግን ደራሲው ሲልቪዮ ፔሊኮን ማስጠጋቷ ነው። ፔሊኮ በኦስትሪያ አገዛዝ ተፈርዶበት ለዓመታት በሽፒልበርግ ምሽግ ከማቀቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830 ተፈታ፤ በ1832 «እስር ቤቶቼ» የተሰኘውን ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያም በማርኬዛዋ ቤት የመጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ አገለገለ። ወይን ጠጅና መጻሕፍት በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ።

በሌላ በኩል ግን የጎጆው ታሪክ አለ። ላንጌ የታላላቅ ጸሐፊዎች አገር ናት፤ ቼዛሬ ፓቬዜ ከዚያው ነው። ለእኔ የቅርቤ ግን ቤፔ ፌኖሊዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አልባ ተወለደ፣ በ1963 ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ መተዳደሪያው በአልባ በአንድ የወይን ጠጅ ድርጅት ውስጥ የውጭ አገር ደብዳቤዎችን መጻፍ ነበር። ቀን የነጋዴ ደብዳቤ፣ ማታ ልብ ወለድ! ቀኑን በባንክ መስኮት ጀርባ አሳልፎ ማታ ስንኝ ለሚቋጥር ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ታሪክ ትንሽ መጽናኛ አይደለም።

ፌኖሊዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው «ላ ማሎራ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ በላንጌ ኮረብታዎች ለሰው አገልጋይነት የተሰጠ ድኃ ልጅ አለ። በዚያ ቤት ምሳውም ራቱም ፖሌንታ ነው፤ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው። ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት በክር የተንጠለጠለ አንድ አንቾቪ፣ ማለትም በጨው የደረቀ ትንሽ ዓሣ፣ ከገበታው በላይ ይወዛወዛል። ቤተሰቡ በየተራ ገንፎውን በዓሣው ላይ ያሽበታል፤ ጨውና ሽታውን ለመዋስ። ዓሣው የዓሣ መልክ ከጠፋው በኋላም ማሸቱ ለቀናት ይቀጥላል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ባሮሎን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ዛሬ ምርጥ የወይን ቦታው አንድ ሄክታር ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያወጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ የወይን አገር፣ የገንፎ ጨው ከአንድ ዓሣ የሚዋስ ሕዝብ አገር ነበር። ብራዛቶ የየዕለት ምግባቸው አልነበረም፤ የበዓል ነበር። ጅማታሙ ሥጋ፣ የተረፈው ጥብስ፣ በተራራ ላይ የቆየው አይብ፣ ሁሉም ያለውን በማብቃቃትና በመታገሥ የተገኙ ናቸው። የባሮሎና የምግቡ ስምምነት የቅምጥሎች ደንብ ሳይሆን የጾመ ሕዝብ ለፍስኩ ያዘጋጀው ሥርዓት ነው። «የፍስክ ወይን ጠጅ» ያልሁትም ለዚህ ነው። ጾም የማያውቅ ሰው ፍስክን ሙሉ በሙሉ አያውቅምና።

በዚህ መሐል ትልቅ ጠብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በላንጌ ወጣት ጠማቂዎች በአባቶቻቸው ላይ ዐመፁ። አባቶች ወይኑን ከልጣጩ ጋር ለሳምንታት ዘፍዝፈው በሺዎች ሊትር በሚይዙ ትላልቅ አሮጌ በርሜሎች ለዓመታት ያቆዩት ነበር። ልጆች የመዘፍዘፊያውን ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠሩት፤ «ባሪክ» የሚባለውን 225 ሊትር የሚይዝ አዲስ የፈረንሳይ በርሜል አስገቡ። ወይኑ ለሰለሰ፣ ቫኒላ ቫኒላ ሸተተ፣ ሳይቆይ የሚጠጣ ሆነ። ኤሊዮ አልታሬ የተባለው የላ ሞራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ከታተፋቸው፤ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። በተቃራኒው ወገን የቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ያረፈው ባርቶሎ ማስካሬሎ ደግሞ በጠርሙሱ መለያ ላይ «ባሪክ የለም፣ ቤርሉስኮኒ የለም» ብሎ በመጻፉ ይታወሳል።

የቱ ትክክል ነበር? ለልጆቹ እንፍረድላቸው ካልን ምክንያት አለን። ገበሬው ወይኑን በርካሽ ለነጋዴ እየሸጠ በድህነት የሚኖርበትን ዘመን አሳጥረዋል። ንጹሕ ጓዳ፣ የተመረጠ ፍሬ፣ የራሳቸው ስም ያለበት ጠርሙስ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። የተንጠለጠለውን ዓሣ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሊንቅ አይገባውም። ዛሬም ሁለቱ ወገኖች ከሞላ ጎደል ታርቀው፣ አንዱ ከሌላው ተምሮ ይጠምቃል።

ነገር ግን ልስላሴው ለማን ተብሎ እንደመጣ ልብ እንበል። በአንድ ጠዋት በርካታ ወይኖችን ያለ አንዳች ቁራሽ ሥጋ እየቀመሰ፣ እየተፋ ነጥብ የሚሰጥ ቀማሽ ገበያውን ይመራ ነበር። ያለ ምግብ ለሚቀምስ ሰው ኮስታራው ወይን ይሸነፋል፣ አጫዋቹ ያሸንፋል። ወይኑ ለማዕድ መሆኑ ቀርቶ ለፍርድ ሸንጎ ሆነ። እኔ የምቃወመው ባሪክን አይደለም፤ ይህን ብቸኝነት ነው። ለመጀመሪያው ጉንጭ ብቻ ተብሎ የለሰለሰ ወይን፣ ለመጀመሪያው ጭብጨባ ብቻ ተብሎ እንደተጻፈ ግጥም ነው። ጭብጨባው ያልቃል፤ ሁለተኛ ሊያነቡት ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። ምሬቱን ጠብቆ የቆየ ወይን ግን አንድ ነገር ያስገድደናል፤ ምግብ እንድንሠራ፣ ሰው እንድንጠራ፣ እንድንቀመጥ።

ሌላም ብቸኝነት አለ፤ እርሱን ሙያዬ ያሳየኛል። ደንቡ እንደሚለው ባሮሎ ለገበያ የሚቀርበው ለቀማው ከተፈጸመበት ዓመት ኅዳር ወር ጀምሮ ተቆጥሮ ቢያንስ 38 ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚህም 18 ወሩን በእንጨት በርሜል ይተኛል። «ሪዘርቫ» ለመባል 62 ወር ይጠብቃል። ይህ በባንክ ቋንቋ በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ጠማቂው ደመወዝ እየከፈለ፣ ግብር እየከፈለ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይሸጥ ይታገሣል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት አከብራለሁ። ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ስመ ጥር የሆኑት ጠርሙሶች እንደ አክሲዮን ተገዝተው፣ ቡሻቸው ሳይነካ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ወለድ ይወልዳሉ፤ ማንንም ግን አላጠገቡም። ሒሳቡ ትርፍ ያሳያል፤ ማዕዱ ግን ባዶ ነው። ገንዘብ ከገንዘብ ጋር ቢያድር አልቃወምም፤ ሥራዬም ነው። ለመጠጣት የተወለደ ነገር ሳይጠጣ ቢያረጅ ግን ለእኔ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ባሮሎ ዕድል ሆኖ ከእጁ የገባ ወዳጅ ካለ ምክሬ አጭር ነው። ለብቻህ አትክፈተው። ጠርሙሱን ከመግዛትህ በፊት ድስቱን አስብ። ወጣት ከሆነ ከመቅረቡ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀድመህ ወደ ሰፊ ዕቃ ገልብጠው፤ አየር ያግኘው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይቅረብ። ዋጋው ካልተቻለ «ላንጌ ኔቢዮሎ» የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ከዚያው ዘርና አገር የተገኘ ነው፤ ማዕረጉ ቢያንስም ዋጋው ያነሰ፣ ጠባዩም ለስለስ ያለ ነው። ሥጋው ርካሽ፣ ጅማታም ቢሆን አትፈር፤ ዋናው በዝግታ መብሰሉ ነው። ጠላ ብቻ የለመደ ዘመድህ ቢመጣ ደስ ይበልህ፤ ምሬትን የሚፈራ ሰው አይደለም።

ይህን እያሰብሁ የቋጠርኋትን ጥቂት ስንኝ ጽሑፌን ላብቃባት፤

ብቻውን የጠጣው መራራ ነው አለ፤
ማዕድ የቀረበ ጣዕሙን አስተዋለ።
ገበሬው በጾሙ ለፍስክ ያሰላው፣
ላብ እንጂ ወርቅ አይደል ጽዋውን የሞላው።
ሰው በሌለበት ቤት ቡሹ ቢከፈትም፣
ጽዋው ሞልቶ ቢፈስ ልብን ግን አይከፍትም።

ቸር እንሰንብት።